የከተማችንን ስም ወደ ባሕር የምትወስደው መርከብ፦ ከዲሲ እስከ ግሮተን የአራት ቀን ጉዞ

በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ ስም የተጠራች ሰርጓጅ መርከብ በኮኔቲከት ግዛት እየተሠራች መሆኗን የነገሩኝ አጎቴ ናቸው። አጎቴ በ1956 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ለባሕር ኃይል ተቀጥረው «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ የሞተር ክፍል ያገለገሉ፣ ኋላም ተሰደው በዲሲ ጎዳናዎች 27 ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። (ከዚህ በኋላ የጉዞውን ቀናት በእኛ፣ የቀረውን ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ያቺ «ኢትዮጵያ» ራሷ አሜሪካ ሠራሽ ነበረች፤ «ኦርካ» ተብላ የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል ቆይታ በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ በ1991 ወደ የመን ከሸሸች በኋላ በዚያው ለብረት ቁርጥራጭ ተሸጠች። ስለዚህ የመርከብ ወሬ በተነሣ ቁጥር አጎቴ ዝም ብለው አያልፉም።

አዲሲቱ መርከብ «ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ» ትባላለች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1984 ጀምሮ ሲገለገልባቸው የኖረውን፣ ባለስቲክ ሚሳኤል የሚሸከሙትን 14 የ«ኦሃዮ» ምድብ ሰርጓጆች ይተካሉ ተብለው ከታቀዱት 12 መርከቦች የመጀመሪያዋ ናት። ቀድሞ «ኮሎምቢያ» ብቻ ነበር ስሟ፤ በዚያው ስም የምትጠራ ሌላ ሰርጓጅ ገና ከአገልግሎት ስላልወጣች ግን በ2022 የከተማችን ስም ሙሉውን ተሰጣት፤ ምድቧ ግን አሁንም «ኮሎምቢያ» ነው የሚባለው። እንደ ክርስትና እናት የሆኑላት ኤሊኖር ሆልምስ ኖርተን ናቸው፤ ከ1991 ጀምሮ ዲሲን በኮንግረስ የሚወክሉት፣ ነገር ግን በምክር ቤቱ የመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ማውጣት የማይፈቀድላቸው እንደራሴ። በመኪናዬ ሰሌዳ ላይ «ያለ ውክልና ግብር መክፈል ይብቃ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ እየነዳሁ፣ በኮንግረስ ድምፅ የሌለው ከተማ ስሙን ለዚህ ዓይነት መሣሪያ ማዋሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። «እንግዲያውስ ሄደን እንያት» አልኳቸው። አጎቴም «የምትታይ መስሎሃል?» አሉኝ፤ ቢሆንም ሻንጣቸውን አዘጋጁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ ከዲሲ በኒው ሄቨን በኩል ወደ ግሮተን

የተነሣንበት ቀን የፍልሰታ ጾም መያዣ መሆኑን ያስታወስኩት ዕረፍቱን ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን በየዕቃው አድርጋ፣ 12 እንጀራ አጣጥፋ በበረዶ ሣጥን አስቀመጠችልን፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሣን። አጎቴ እስከ ዴላዌር ድልድይ ድረስ አንቀላፉ።

በኒው ጀርሲው አውራ ጎዳና ላይ፣ ፊላዴልፊያን በግራችን ትተን ስናልፍ፣ የአዲሲቱ መርከብ የኤሌክትሪክ መንጃ የተፈተነው እዚያ ከተማ ባለው የባሕር ኃይሉ የምርምር ማዕከል መሆኑን ነገርኳቸው፤ ይኼኔ እንቅልፋቸው ጠፋ። በቀድሞዎቹ ሰርጓጆች የኒውክሌር ማብላያው ውኃ አፍልቶ እንፋሎት ያወጣል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ የተርባይኑ ፍጥነት ደግሞ በትላልቅ ጥርስ ማርሾች ተቀንሶ ወደ መቅዘፊያው ይደርሳል። በኮሎምቢያ ምድብ ግን ተርባይኑ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ መቅዘፊያውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። «ማርሹስ?» አሉ አጎቴ። ማርሹ እንደቀረ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ግራ ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። የዚያ ጆሮ ነገር በቤተሰባችን የታወቀ ነው፤ «ኢትዮጵያ» መርከብ ላይ፣ የሞተሩ ጩኸት ሳያባራ ከሚሰማበት ክፍል፣ ለዓመታት ቆመው ያጡት ነው። ለሰርጓጅ መርከብ ጩኸት ማለት መገኘት፣ መገኘት ደግሞ መሞት ስለሆነ፣ ማርሹን ማስቀረት ትልቅ ነገር መሆኑን ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ጆሯቸው ያስረዳቸው ይመስለኛል።

የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ 16 ዶላር ገደማ ቆረጠብን። በብሮንክስ መጨናነቅ ውስጥ ፊቴ የገባ የጭነት መኪና በድንገት ፍሬን ሲያስይዘኝ የሽሮው ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ፈሰሰ፤ እንጀራው በላስቲክ በመጠቅለሉ ተረፈ፤ መኪናው ግን እስከ እሑድ ማታ ድረስ ማዕድ ቤት ማዕድ ቤት ይሸት ነበር። ሽሮውን ያጣነው በጾሙ በመጀመሪያው ቀን መሆኑ አጎቴን ከእኔ የበለጠ አሳዘናቸው።

ኒው ሄቨን ላይ ግን ካሳ አገኘን። የዚያች ከተማ ሰዎች ፒዛን የሚጋግሩት በከሰል ምድጃ ነው፤ «ፕሌን» ብለህ ካዘዝክ የሚመጣልህ ቲማቲምና ዘይት ተቀብቶ ጥቂት ደረቅ አይብ የሚነሰነስበት፣ ጠርዙ የጠቆረ ቂጣ ነው። ሞዛሬላ የምትፈልግ ከሆነ ለብቻው መናገር አለብህ። ዲሲ ውስጥ በጾም ወቅት «ያለ ቺዝ» ብለህ ስታዝ አስተናጋጁ ዓይን ዓይንህን ያይሃል፤ እዚህ ግን ነገሩ ከመጀመሪያው ለጾም የቀረበ ስለሆነ የሚነሰነሰውን አይብ ማስቀረት ብቻ ነው የቀረን። ለሁለት ሰው የሚበቃው 16 ዶላር ነበር። አጎቴ «የኢጣልያ ቂጣ» ብለው እስከ ጠርዙ ጨረሱት።

ግሮተን የገባነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያረፍንባት ትንሽ ሞቴል ለአንድ ሌሊት ከነግብሩ 168 ዶላር አስከፈለችን፤ ለዚህ ዓይነት ከተማ ውድ መስሎኝ ስጠይቅ፣ ባለቤቷ ሴትዮ በእጃቸው ወደ ወንዙ አመለከቱና «መርከብ ሠሪዎቹ ናቸው» አሉኝ። የመርከብ ግንባታው ኩባንያ፣ ኤሌክትሪክ ቦት፣ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሉት፤ አሁንም እየቀጠረ ስለሆነ ከሩቅ የመጣ በያጅና ቧንቧ ገጣጣሚ ሁሉ ቤት እስኪያገኝ ሞቴል ይከራያል። በአጠገባችን ያሉት ሦስት ክፍሎች ደጃፍ ላይ የደኅንነት ቦት ጫማዎች ተደርድረው ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2 ቀን፦ ግሮተን፣ የሰርጓጅ ሙዚየም

ጠዋት የሞባይሌን አቅጣጫ ጠቋሚ አምኜ «ሰርጓጅ ሙዚየም» ብዬ ስነዳ፣ አንዲት መታጠፊያ ስቼ የባሕር ኃይሉ ሰፈር ዋና በር ላይ ተሰልፌ ራሴን አገኘሁት። ከኋላዬ መኪናዎች ስለነበሩ ማፈግፈግ አልተቻለም። የደረሰን ወጣት ጠባቂ መታወቂያችንን ተቀብሎ ካየ በኋላ፣ በርከት ያለ ሰው በየቀኑ እንደሚሳሳት ነግሮን፣ ኮኑን አንሥቶ አዞረን። አጎቴ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንሥተው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት፤ ልጁም ፈገግ ብሎ መለሰላቸው። ሰፈሩ «ኒው ለንደን» እየተባለ የሚገኘው ግን ከወንዙ ወዲህ ማዶ፣ ግሮተን ውስጥ መሆኑ እንግዳን ማደናገሩ አይቀርም። ወንዙም ቢሆን «ቴምዝ» ተብሎ እንደ ሎንዶኑ ይጻፋል፤ የአካባቢው ሰው ግን «ቴይምዝ» እያለ ስቦ ይጠራዋል።

ሙዚየሙ መግቢያ የለውም፤ ማለቴ ነጻ ነው። በደጃፉ ላይ ሁለት የብረት ቀለበቶች ቆመዋል፦ አንዱ በ1900 ባሕር ኃይሉ የተረከባትን የመጀመሪያዋን ሰርጓጅ፣ የ«ሆላንድ»ን ውፍረት ያሳያል፤ ሌላው የ«ኦሃዮ» ምድብን። ትንሹ ቀለበት ውስጥ አጎቴ ቆመው ከራሳቸው በላይ አንድ ሰው ከነባርኔጣው የሚቀመጥበት ያህል ተረፈ። ትልቁ ግን 12 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሰው ሥሩ ሲቆም ጉንዳን ይመስላል። ኮሎምቢያ ከዚህ ቀለበት የምትሰፋው ስንዝር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ርዝመቷም እንደ ኦሃዮ 171 ሜትር ነው፤ ክብደቷ ግን ውኃ ውስጥ ስትጠልቅ ወደ 21 ሺህ ቶን ይደርሳል፤ አሜሪካ እስከ ዛሬ ከሠራቻቸው ሰርጓጆች ሁሉ የከበደች ትሆናለች። የአጎቴ «ኢትዮጵያ» 95 ሜትር ነበረች። «እኛ እርሷን ተራራ እንላት ነበር» አሉኝ።

ከቀለበቶቹ ራቅ ብሎ የ«ጆርጅ ዋሽንግተን» ሰርጓጅ የላይኛው ማማ ሣር ላይ ቆሟል። ለእኔ ከሙዚየሙ ሁሉ የበለጠ ትርጉም ያለው ይኼ ጥቁር ብረት ነበር፤ ምክንያቱም ለማየት የመጣነው ነገር ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በነበራት እሽቅድምድም ጊዜ ስላጠራት፣ ለሌላ ተግባር እየተሠራ የነበረ የሰርጓጅ አካል መሐል ለመሐል ተቆረጠና 40 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሚሳኤል ክፍል ተቀጠለበት። 16 «ፖላሪስ» ሚሳኤሎችን ይዛ በኅዳር ወር 1960 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማራች። ፖላሪስ የሚደርሰው ወደ 2,200 ኪሎ ሜትር ስለነበር መርከቧ ወደ ጠላት ዳርቻ መጠጋት ነበረባት። ዛሬ ያለው «ትራይደንት ሁለት» ከ7,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ርዝመቱ ከ13 ሜትር ያልፋል፣ ክብደቱም 59 ቶን ያህል ነው። ውቅያኖሱ ሁሉ መደበቂያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኦሃዮ በ24 የሚሳኤል ቱቦ ተሠርታ ከሩሲያ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት አራቱ ተዘግተው 20 ቀሯት፤ ኮሎምቢያ ደግሞ 16 ትይዛለች። ከ60 ዓመት በላይ ዞሮ ዞሮ ቁጥሩ ወደ «ጆርጅ ዋሽንግተን» ተመለሰ።

ቀጥሎ ወደ «ናውቲለስ» ወረድን። በኒውክሌር ኃይል የተንቀሳቀሰች የመጀመሪያዋ መርከብ ናት፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1952 የመሠረት ብረቷን ያስቀመጡት እዚሁ ግሮተን ነው፤ በጥር ወር 1955 ከዚህ ወንዝ ስትወጣ «በኒውክሌር ኃይል እየተጓዝኩ ነው» የሚለውን መልእክት ላከች፤ በነሐሴ 1958 በበረዶው ሥር አልፋ የሰሜን ዋልታን ረገጠች። ለጎብኚ ክፍት የሆነው የፊተኛው ግማሿ ነው። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ አጎቴ በጀርባቸው ዞረው፣ ሁለቱንም የእጅ መደገፊያ ይዘው ወረዱ፤ ከ50 ዓመት በኋላም ሰውነታቸው አልረሳውም። ወለሉን ሲረግጡ ቆም ብለው በአፍንጫቸው አየሩን ሳቡና «ናፍታ የለም» አሉ፤ እንደ መደነቅም፣ እንደ ቅሬታም። አልጋዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተደራርበዋል፤ የአንዱ ጣሪያ የሌላው ፍራሽ ነው። በአንደኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ እንደ መስተዋት አብረቅርቋል፤ ለመውጣት የሚይዙበት ቦታ መሆኑ ያስታውቃል። አጎቴ ጣታቸውን እዚያች ቦታ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ።

በመመገቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ በአዲሲቱ መርከብ ላይ ስለሚኖሩት ሰዎች ነገርኳቸው። 155 ያህል ሰው ትይዛለች። እንደ ቀድሞዎቹ ሁሉ «ሰማያዊ» እና «ወርቃማ» የሚባሉ ሁለት ቡድኖች ይኖሯታል፤ አንዱ ባሕር ላይ ሳለ ሌላው ምድር ላይ ይሠለጥናል። የኦሃዮዎቹ ልማድ በአማካይ 77 ቀን ባሕር ውስጥ፣ 35 ቀን ለጥገና ወደብ ላይ መሆን ነው። በእነዚያ 77 ቀናት ከቤተሰብ የሚመጣ አጭር መልእክት ይቀበላሉ እንጂ መልስ አይልኩም፤ የሬዲዮ ድምፅ ከወጣ መደበቁ ከንቱ ነውና። «ታዲያ ይኼ ከምንኩስና በምን ይለያል?» ብለው የጠየቁኝን አጎቴን፣ ምግቡ ጥሩ ነው ሲባል እንደሰማሁ ከመንገር ሌላ መልስ አላገኘሁላቸውም።

የማብላያው ነገር ግን እውነተኛ ለውጥ ነው። ኦሃዮዎቹ በዕድሜያቸው አጋማሽ ነዳጃቸው ተቀይሮ እንዲታደሱ ከሁለት ዓመት በላይ ቆመዋል። የኮሎምቢያ ማብላያ የሚሞላው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ 42 ዓመት እስክታረጅ ድረስ አይከፈትም። 12ቱ የ14ቱን ሥራ ይሠራሉ የሚባለው አንዱም ለዚያ ረጅም ጥገና ስለማይቆም ነው። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ፣ ባለታክሲዎቻችን ሁለተኛ መኪና የሚገዙት የመጀመሪያው ጋራዥ ስለሚውል መሆኑ ነው፤ አጎቴ ይህን ምሳሌ ወደዱት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፎርት ግሪስወልድ ወጣን። በመስከረም 1781 የእንግሊዝ ጦር፣ ከአሜሪካኖች ወደ እነርሱ በከዳው በቤኔዲክት አርኖልድ መሪነት፣ ይህን ምሽግ የወረረበትና ከወንዙ ማዶ ያለችውን ኒው ለንደንን ያቃጠለበት ቦታ ነው። 41 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ሐውልት አለው፤ አጎቴ ሥሩ ባለው ወንበር ሲያርፉ እኔ 166ቱን ደረጃ ቆጥሬ ወጣሁ። ከላይ በስተደቡብ፣ በወንዙ ዳር፣ የመርከብ መሥሪያው ታየኝ። አራት እንዲህ ያለ ሐውልት አጋድመህ ብትቀጣጥል እንኳ ከመርከቧ ሰባት ሜትር ያጥራል። መርከቧ ራሷ ግን አልታየችም፤ ለዚህ ምድብ ተብሎ አዲስ በተሠራው ግዙፍ የመገጣጠሚያ አዳራሽ ጣሪያ ሥር ናት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን፦ ኒው ለንደንና ኮንሰት ፖይንት

ጠዋት በሬዲዮ የሰማነው የመጀመሪያው ዜና ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ከወደመች 80 ዓመት የሞላት መሆኑን ነው። የጉዟችንን ቀን ስመርጥ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያ ቦምብ 21 ኪሎ ቶን ያህል ኃይል ነበረው፤ በትራይደንት ላይ ከሚጫኑት ውስጥ የተለመደው አንድ አረር ወደ 90 ኪሎ ቶን ይገመታል፤ አንድ ሚሳኤል ደግሞ ከአንድ አረር በላይ መሸከም ይችላል። ሒሳቡን ጮክ ብዬ ስጀምር አጎቴ ሬዲዮውን አጠፉት። ድልድዩን እስክንሻገር አልተነጋገርንም።

ኒው ለንደን ውስጥ ያለው ፎርት ትረምቡል ከመርከብ መሥሪያው ፊት ለፊት ነው፤ በመካከል ወንዙ ብቻ አለ። በዓሣ ማጥመጃው መተላለፊያ ላይ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡ አንድ አዛውንት የአጎቴን የባሕረኛ አነጋገር ሲሰሙ ወሬ ጀመሩ። ከማዶ ባለው መሥሪያ ቤት 31 ዓመት በያጅ ነበሩ። ስለ አዲሲቱ መርከብ ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ስለ ብየዳ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል አስተማሩን። የበየዱት መጋጠሚያ ሁሉ እንደ ታማሚ ሳንባ ራጅ ይነሣ ነበር፤ የእህል ፍሬ የምታህል የአየር ቀዳዳ ከተገኘች ተፈልፍሎ እንደገና ይበየዳል። በ2018 በጥቂት የሚሳኤል ቱቦዎች ላይ የብየዳ ጉድለት ተገኝቶ ሥራው እንደ ገና መሠራቱ በይፋ የተነገረ ነገር ስለሆነ እርሱን አነሣሁባቸው። ዓይናቸውን ከመንጠቆው ሳያነሡ «እሱ እዚህ አይደለም የተበየደው» አሉ፤ የሙያ ኩራት ነው።

እነዚያ ቱቦዎች አራት አራት ሆነው በአንድ ላይ ተገጥመው የሚሠሩ ናቸው፤ ንድፉንም አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ትጋራለች። እንግሊዞች «ድሬድኖት» በሚባለው ምድባቸው አራት መርከቦች እየሠሩ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 12 ቱቦ ይይዛሉ።

ሥራው ግን ዘግይቷል። የመጀመሪያዋ መርከብ በ2027 ርክክብ ይደረግባታል ተብሎ ነበር፤ ባሕር ኃይሉ በ2024 ባወጣው ግምገማ ከ12 እስከ 16 ወር ልትዘገይ እንደምትችል አስታወቀ። የፊተኛው ክፍሏና ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ተርባይኖች በጊዜው አለመድረሳቸው ዋናው ምክንያት ነበር። የ12ቱ ዋጋ በጠቅላላው ከ120 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመታል፤ የመጀመሪያዋ ብቻ ከነንድፍ ወጪዋ ወደ 15 ቢሊዮን ትጠጋለች። አዛውንቱ መዘግየቱን የሚያስረዱት በሌላ መንገድ ነው፦ ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ ሥራ ሲቀንስ ጎበዝ በያጆች ተበተኑ፤ አሁን የሚቀጠሩት ልጆች ጎበዞች ቢሆኑም እጅ የሚበስለው በዓመታት ነው። እርሳቸው በሠሩባቸው መርከቦች በአንዳቸውም ተሳፍረው እንደማያውቁ ሲነግሩን አጎቴ ከልባቸው አዘኑላቸው። ስንሰናበት ሦስት ያህል መዳፍ የሚያክሉ ዓሦች በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡን፤ እምቢ ማለት የሚቻል አልነበረም።

ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ምሥራቅ ነድተን ሮድ አይላንድ ግዛት ወዳለው ኮንሰት ፖይንት ደረስን። በቆርቆሮ የሚሠራው፣ እንደ ተከፈለ በርሜል የተደፋው የወታደር ቤት በ1941 የተወለደው እዚህ ሲሆን ስሙንም ከቦታው ወስዷል። የሰርጓጁ አካል በክብ በክብ እየተቆረጠ የሚሠራውና ዕቃው የሚታጨቅበት ደግሞ እዚሁ ባለው የኩባንያው ሌላ ግቢ ነው። በሰኔ 4 ቀን 2022 የእንደራሴ ኖርተን ስም የመጀመሪያ ፊደላት በብረት ላይ ተበይደው የመሠረቱ ሥርዓት የተፈጸመውም እዚህ ነበር። ክፍሎቹ ሲያልቁ «ሆላንድ» በምትባል ባርጅ (ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) ተጭነው በባሕር ወደ ግሮተን ይሄዳሉ፤ ፊቷና ጅራቷ ግን ከቨርጂኒያ፣ ከኒውፖርት ኒውስ ይመጣሉ። ለእኛ የታየን አጥር፣ ረጃጅም አዳራሾችና የመኪና ማቆሚያ ነው። በአጠገቡ ባለው የዴቪስቪል ወደብ ከመርከብ የወረዱ አዳዲስ መኪናዎች በብዛት ተደርድረው ስላየን፣ አጎቴ የቀረውን ጊዜ ያሳለፉት መኪኖቹን በየሞዴላቸው በመቁጠር ነው። እዚህ መምጣታችን ለእኔ ከተጠበቀው ያነሰ ነበር፤ ለሌላ ሰው አልመክርም።

ማታ የሞቴሏ ባለቤት የከሰል መጥበሻ አዋሱን፤ ከሰሉንም ከራሳቸው ጨመሩ። አጎቴ ዓሦቹን በጨውና በሎሚ አሽተው ጠበሱ። «ፍልሰታ እኮ ነው ጋሼ» ስላቸው «ልጄ፣ ባሕረኛ ከዓሣ አይጾምም፤ ምጽዋ ላይ ቄሱም ያውቁት ነበር» አሉኝ። ይህ ሥርዓት በየትኛው መጽሐፍ እንደተጻፈ አልጠየቅኋቸውም። እኔ የተረፈውን ምስር በእንጀራ በላሁ፤ ሽታው ግን ፈተነኝ። ከአጠገባችን ክፍል የወጣ ወጣት በያጅ፣ የቴክሳስ ልጅ፣ አንድ ዓሣና ግማሽ እንጀራ ተካፈለ፤ እንጀራውን እንደ ፎጣ አንጠልጥሎ አይቶ «ይበላል?» ብሎ ጠየቀ፤ ከበላ በኋላ ግን ሁለተኛ ጠየቀ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4 ቀን፦ ወደ ቤት

ከመነሣታችን በፊት አጎቴ ስም በክር የሚጠልፍ አንድ ሱቅ አግኝተው፣ ጥቁር ኮፍያ ላይ «ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ» ከነቁጥሯ 826 አስጠለፉ፤ 28 ዶላር ከፈሉ፣ እኔ እንድከፍል አልፈቀዱም። ባለሱቁ የሚቀጥለውን ኮፍያ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር፦ የምድቡ ሦስተኛ መርከብ «ግሮተን» ትባላለች፤ ይህ ስም በጥር 2025 ከታወጀ ወዲህ ከተማው ሁሉ ይኮራበታል። ሁለተኛዋ «ዊስኮንሲን» ናት። ስለ መንገዱ የምጽፈው የለኝም፤ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብን፣ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ያህል ኒው ዮርክ ዙሪያ ቆመን ነው።

በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴን ሁልጊዜ ቡና በሚጠጡበት ቤት አገኘኋቸው፤ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ከአራት የታክሲ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። አንደኛው ጽሑፉን አንብቦ «ይቺ ደግሞ የት ያገለገልክባት መርከብ ናት?» አላቸው። ባልሰማ ጆሯቸው በኩል ስለነበር ጥያቄው ተደገመላቸው። አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ገና አላለቀችም» አሉ፤ «ሲጠሩኝ እሄዳለሁ።»